ያየ ነው ስም የሚያወጣው

ሰማይ ላይ «ኢትዮጵያ» የምትባል ድንጋይ አለች። ተረት አይደለም። መዝገብ ላይ የሰፈረች፣ ቁጥር የወጣላት፣ ዛሬ ማታ የት እንዳለች በስልክ ፈልጎ ማወቅ የሚቻል አስትሮይድ ናት፤ ሙሉ መጠሪያዋ 1432 ኢትዮጵያ። ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ምን መሰላችሁ? ሼር። ቴሌግራምም ላይ ቲክቶክም ላይ በየጊዜው ሲዞር አያለሁ፦ «ናሳ ፕላኔት በስማችን ሰየመ»፣ «ሰማይ የመሰከረላት አገር»፣ «ጠላት ቢጠላም ስሟ ከዋክብት መሀል ነው»። ከሥሩ የባንዲራና የልብ መዓት።

ሙግቴ ከዚያ ልብ ጋር ነው። በአገር ስም ደስ መሰኘት ነውር የለውም። ግን ደስታው ቀድሞ ይመጣና ጥያቄውን ይዘጋዋል። ስሙን ማን አወጣው? እሱ ለምን ቻለ? እኛስ? እነዚህን ሳይጠይቁ መኩራት፣ ጎረቤትህ ልጁን በአንተ ስም ስለጠራ ራስህን አባት አድርጎ እንደመቁጠር ነው።

እስቲ መጀመሪያ ወሬውን እናጥራ። ናሳ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ ድንጋይዋ የተገኘችው ከዚያ 21 ዓመት ቀድሞ ነው። ፕላኔትም አይደለችም። በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው የአስትሮይድ ቀበቶ፣ በውስጠኛው ክፍል የምትዞር፣ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት ቋጥኝ ናት። የሐዋሳን ሐይቅ ርዝመት ግማሽ እንኳ አትሞላም። በባዶ ዓይን አትታይም። ያገኛት ሲሪል ጃክሰን ይባላል፤ እንግሊዝ ተወልዶ በልጅነቱ ደቡብ አፍሪካ የገባ የሥነ ፈለክ ባለሙያ ነው። ቦታው ጆሃንስበርግ፣ ዩኒየን ኦብዘርቫቶሪ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1937፤ በእኛ ሐምሌ 25 ቀን 1929 ዓ.ም.።

ቀኑን ልብ በሉ። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ 163 ቀን በኋላ ነው። አዲስ አበባ በፋሺስት እጅ ናት። ንጉሠ ነገሥቱ እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ በስደት ላይ ናቸው። አርበኛው ጫካ ነው። ሮም ደግሞ አገሪቱን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር ጨፍልቃ «የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ» ብላታለች። ለፖስት ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ከምድር ካርታ ስሟ በተፋቀበት ዘመን ሰማይ ላይ ብቅ አለች!

እኔ ልጨምርላችሁ። ድንጋይዋ ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 3 ዓመት ከ8 ወር ገደማ ይፈጅባታል። ከተገኘችበት ቀን ጀምራችሁ ብትቆጥሩ የመጀመሪያ ዙሯን የምትጨርሰው መጋቢት 1933 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ነው፤ ልክ ጣሊያን አዲስ አበባን በለቀቀበት ሰሞን። ቁጭ ብዬ ያሰላሁት ነው። ይሄን ብለጥፈው ስንት ሺህ ላይክ እንደሚያመጣ አስቡት።

ግን ምንም ማለት አይደለም። ግጥምጥሞሽ ነው። ድንጋይዋ ጣሊያንንም አታውቅም፣ እኛንም አታውቅም። ካላመናችሁ የመዝገብ ጎረቤቶቿን ተመልከቱ። ጃክሰን በ1930ዎቹ ካገኛቸው አስትሮይዶች መካከል ብዙዎቹ ስማቸው ከአፍሪካ ካርታ ላይ የተለቀመ ነው፦ 1193 አፍሪካ፣ 1278 ኬንያ፣ 1279 ኡጋንዳ፣ 1428 ሞምባሳ፣ 1430 ሶማሊያ፣ 1431 ሉዋንዳ፣ ከዚያ 1432 እኛ። ተራ ደርሶን ነው። እዚያው ዝርዝር ውስጥ 1197 ሮዴዥያ አለ። በሴሲል ሮድስ ስም ይጠራ የነበረው ቅኝ ግዛት ዛሬ በምድር ላይ የለም፤ ዛምቢያና ዚምባብዌ ሆኗል። ድንጋዩ ግን አሁንም «ሮዴዥያ» እየተባለ ይዞራል። ሰማይ ላይ ስም መኖሩ የክብር ምስክር ከሆነ ለሮድስም ተመስክሮለታል ማለት ነው። ማን ነው ይሄን የሚቀበል?

*

ታዲያ ጃክሰን ምን አድርጎ ነው ስም የማውጣት መብት ያገኘው? መልሱ አሰልቺ ነው፤ ሼር የማይደረገውም ለዚህ ነው። አየ፣ መዘገበ፣ ደግሞ አየ።

በዚያ ዘመን አስትሮይድ የሚፈለገው በፎቶ ነበር። አንዱን የሰማይ ክፍል በመስታወት ሰሌዳ ላይ ታነሳለህ፤ ቆይተህ ደግመህ ታነሳለህ። ከዋክብቱ ባሉበት ናቸው፤ አንዲት ነጥብ ግን ቦታ ቀይራለች። ዩኒየን ኦብዘርቫቶሪ ሁለቱን ሰሌዳዎች እያፈራረቀ የሚያሳይ መሣሪያ ነበረው፤ የተለወጠው ነገር ብልጭ ድርግም ይላል። ሮበርት ኢንስ ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነችውን ኮከብ፣ ፕሮክሲማ ሴንቶሪን፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ያገኘው እዚያው በዚህ ዘዴ ነው። ኮድ ለምትጽፉ ባጭሩ ልንገራችሁ፦ ዲፍ ነው። እኔ በቀን ሃያ ጊዜ የምሠራው ነገር።

ነጥቧ ስትገኝ ጊዜያዊ መለያ ይሰጣታል። የእኛዋ «1937 ፒጂ» ነበረች። የምሥጢር ኮድ እንዳይመስላችሁ። 1937 ዓመቱ ነው፤ «ፒ» የኦገስት የመጀመሪያ አጋማሽ ነው፤ «ጂ» በዚያ ግማሽ ወር የተመዘገበች ሰባተኛዋ ማለት ነው። ከዚያ ምልከታው ይደጋገማል፣ ምኅዋሯ ይሰላል። ዳግመኛ እንዳትጠፋ የሚያስችል ያህል በትክክል ሲታወቅ ቋሚ ቁጥር ይወጣላታል። ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ስም የማቅረብ መብቱ የአግኚው ሲሆን የሚያጸድቀው የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ነው። ቅደም ተከተሉን አያችሁት? ማየት፣ መለካት፣ ማስላት፣ ከዚያ ስም። እኛ ከመጨረሻው ጀመርን፤ እዚያው ቀረን።

እ.ኤ.አ. በ2019 ይኸው ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት የመሰየም ዕድል ሰጥቶ ነበር። ኢትዮጵያ ኮከቧን «ቡና»፣ ፕላኔቷን «አቦል» አለቻቸው። የሚያምር ስም ነው፤ ሲዳማ ምድር ተቀምጦ ይህን የሚጠላ የለም። ግን ፕላኔቷን ያገኟት ሌሎች ናቸው። ቡናውን ሌላ ሰው ለቅሞ፣ ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ አፍልቶ አቀረበልን፤ እኛ ሲኒውን አንስተን «አቦል» አልን። ቶናውን ማፍላት የማን ተራ ነው?

*

«ቴሌስኮፕ የለንማ!» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ወደዚያ እንሂድ።

በታሪክ የመጀመሪያዋ አስትሮይድ ሴሬስ ናት። ጁዜፔ ፒያትሲ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ፓሌርሞ ላይ አገኛት። 41 ቀን ያህል ተከታተላት፤ ከዚያ ታመመ፤ እሷም ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ገብታ ጠፋች። ቴሌስኮፕ ያላቸው ሰዎች ሁሉ ፈልገው አጧት። የመለሳት ስሌት ነው። ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ የሚባል የ24 ዓመት ወጣት የፒያትሲን ልኬቶች ይዞ ምኅዋሯን በወረቀት አሰላ፤ በዓመቱ መጨረሻ ቴሌስኮፓቸውን እሱ ወዳለው አቅጣጫ ያዞሩት ሰዎች አገኟት። 24 ዓመት! እኛ ዲግሪ ተቀብለን ሲቪ በምንበትንበት ዕድሜ።

ዛሬ ደግሞ ማግኘቱ ራሱ የሶፍትዌር ሥራ ሆኗል። ቺሊ የሚገኘው የቬራ ሩቢን ኦብዘርቫቶሪ በሰኔ 2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ምስሎቹን ሲለቅ፣ በ10 ሰዓት ገደማ ምልከታ 2,104 አዳዲስ አስትሮይዶች ማግኘቱን አሳወቀ። እነዚያን ነጥቦች ቁጭ ብሎ በዓይኑ የለቀመ ሰው የለም፤ የለያቸው ኮድ ነው። የታወቁት ሁሉ ምኅዋር ደግሞ በነፃ ይወርዳል። ማይነር ፕላኔት ሴንተር በሚያወጣው ፋይል ውስጥ 1432 አንድ መስመር ናት፤ የይለፍ ቃል የለው፣ ክፍያ የለው።

ስልካችሁን አውጡና አብረን እናስላ። ከመሬት እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት 1 ብንለው የ1432 ኢትዮጵያ አማካይ ርቀት 2.38 ነው። 2.38ን በራሱ ሦስት ጊዜ አባዙት፦ 13.48። የዚያን ስኩዌር ሩት ውሰዱ፦ 3.67። ይሄው ነው፤ አንድ ዙሯ በእኛ ዓመት 3.67 ነው። ኬፕለር በ1600ዎቹ መጀመሪያ የደረሰበት ሕግ ነው። ከተገኘችበት ቀን እስከ 2017 ዓ.ም. ክረምት 88 ዓመት ሞልቷል፤ 24 ጊዜ ያህል ዞራለች ማለት ነው። አማካይ ፍጥነቷም በሰከንድ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነው ብንል 14 ሰከንድ ይበቃታል፤ ሻሸመኔም አትቆም፣ ዝዋይም አትቆም። ምኅዋሯ ደግሞ ሙሉ ክብ አይደለም፤ ለፀሐይ ስትቀርብ 1.8፣ ስትርቅ 2.9 ድረስ ትሄዳለች። እኛን የምትነካበት መንገድ የላትም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ለጥቂት የ11ኛ ክፍል ልጆች ፓይተን አስተምራለሁ። ይህንኑ ስሌት ስንሠራ አንዷ ቀና ብላ «ይሄ ፎርሙላ እኮ ፈተና ላይ መጥቶብን ነበር። ለእውነተኛ ነገር እንደሚሠራ ማንም አልነገረንም» አለች። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በሙሉ እዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። ልጅቷ ፎርሙላውን ታውቃለች። ያልተሰጣት ድንጋይ ነው።

ከዚያ ለአስትሮይድ ፍለጋ ዘመቻ ልንመዘግባቸው አሰብን። ቅዠት አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ፍለጋ ትብብር ሃዋይ ላይ ያለው የፓን ስታርስ ቴሌስኮፕ ያነሳቸውን ምስሎች ለትምህርት ቤቶችና ለበጎ ፈቃደኞች ያለ ክፍያ ይልካል። ተማሪዎች ምስሎቹን እያፈራረቁ የምትንቀሳቀስ ነጥብ ይፈልጋሉ፣ ያገኙትን ለክተው ይልካሉ። የጃክሰን ሥራ ነው፤ በላፕቶፕ። ከእነዚህ ግኝቶች አንዱ ከዓመታት በኋላ ቋሚ ቁጥር ካገኘ ስም የማቅረብ ዕድል አላቸው። እናም አንድ ተቋም ሄደን የኮምፒውተር ክፍሉን በሳምንት ሁለት ሰዓት እንዲከፍትልን ጠየቅን። ስም አልጠራም፤ ብዙ ቦታ ብትሄዱ የምትሰሙት መልስ ነው። «ክፍሉን መክፈት ይከብዳል። ግን ‹ኢትዮጵያ በኅዋ› የሚል ባነር ብናሠራስ?» አሉን። ባነሩ ተሠርቶ ተሰቀለ። ክፍሉ እንደተቆለፈ ነው።

ርካሽ ኩራት ያዘናጋል የምለው ለዚህ ነው። ባነሩ ከክፍሉ ጋር ተፎካክሮ አሸንፏል። ለስም በጀት አለ፤ ለማየት የለም።

*

«ማየት ባህላችን አይደለም፣ የፈረንጅ ነው» የሚል ሰው ካለ ለፍቼ ጨምበላላ ጉዱማሌ ይምጣ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ በየዓመቱ ቀኑ አይገጥምም። አያንቶ የሚባሉ አዋቂዎች የከዋክብትንና የጨረቃን አካሄድ ተመልክተው ቀኑን ይቆርጣሉ፤ ከዚያ ለየጎሳው ይነገራል። ዩኔስኮ በዓሉን እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል፤ እኛም ምዝገባውን ሼር አድርገናል። አያንቶው ግን በምዝገባው አይደለም አያንቶ የሆነው። በሌሊት ወጥቶ፣ ጠብቆ፣ አይቶ ነው። የቆረጠውን ቀን አምኖ የሚነሳ ሕዝብ ስላለ ማየቱ ኃላፊነት አለበት። ባሕረ ሐሳብም ቢሆን ስሌት ነው፤ ጾሙና በዓሉ የሚውልበትን ቀን የሚያወጡት ሊቃውንት ቁጥር ይዘው ነው የሚቀመጡት። በአያቶቻችን ጥበብ እንኮራለን ካልን ጥበቡ ሥራው ነበር።

ሰማዩም ቢሆን አልበደለንም። ሐዋሳ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ፀሐይ፣ ፕላኔቶችና አብዛኞቹ አስትሮይዶች የሚከተሉት መንገድ እኛ ዘንድ በአናት በኩል ያልፋል፤ የመንገዱ የትኛውም ክፍል ከፍታው ጣሪያ ላይ ሲደርስ ከአድማስ 59 ዲግሪ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። ለንደን ላይ 15 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል፤ ከጣሪያና ከጭጋግ ጋር ትግል ነው። እኛ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ እናያለን። ክረምታችን ደመና ነው፣ አልክድም። ግን ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት የእኛ ነው። መብራት ሲጠፋማ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ መርገሙን ትታችሁ ወደ ላይ እዩ።

መሣሪያም ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም። እንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ጃክሰን ይሠራበት በነበረው ኦብዘርቫቶሪ የነበረው ዝነኛው የፍራንክሊን አዳምስ የከዋክብት ካሜራ ሌንሱ 10 ኢንች፣ ማለትም 25 ሳንቲ ሜትር ነበር። ባለ 1 ሜትሩ ከዚያ 16 እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል።

*

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። «ዳቦ ሳይሞላ አስትሮይድ?» ይሄን የሚጠይቅ ሰው ላይ አልስቅም፤ የጤፍ ዋጋ እኔም ቤት ይገባል። ግን ሁለት ነገር እመልስለታለሁ።

አንደኛ፣ ድንጋይ ሁሉ እንደ 1432 ርቆ አይዞርም። ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ቺሊ ላይ ያለ ቴሌስኮፕ 2024 ዋይአር4 የተባለች፣ ወደ 60 ሜትር ስፋት ያላት አስትሮይድ አገኘ። በየካቲት ወር እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 2032 መሬትን የመምታት ዕድሏ 3.1 ከመቶ ደረሰ። ልትወድቅበት ትችላለች የተባለው ቀጭን መስመር አፍሪካን ያቋርጥ ነበር፤ ዜናዎች ከጠሯቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ያኔ ምን አደረግን? ግማሻችን «የመጨረሻው ዘመን» አልን፣ ግማሻችን ሚም ሠራን፣ ከዚያ ሌሎች እስኪያሰሉልን ጠበቅን። ልኬት ሲጨመር ምኅዋሯ ጠራ፤ ዕድሉ በቀናት ውስጥ ወደ ዜሮ ተጠጋ። ያዳነን ጸሎት ነው የሚል ይበል፤ ዜናውን የቀየረው ግን ማታ ማታ ሲለኩ ያደሩ ሰዎች ናቸው። አገርህ በስም ተጠርታ፣ ስሌቱን ማንበብ የሚችል ሰው ፍለጋ የውጭ ቻናል መክፈት ያማል። «ኢትዮጵያ» የምትባል ድንጋይ ሰማይ ላይ መኖሯ ያን ሳምንት ምን ጠቀመን?

ሁለተኛ፣ ይሄ ሥራ ከዳቦ ላይ የሚነሳ በጀት አይፈልግም። አሮጌ ላፕቶፕ፣ የዳታ ፓኬጅ፣ ጥቂት ምሽት። የሚያስተምረው ደግሞ ብዙ ነው፦ ስህተት ያለበትን ልኬት እንዴት እንደምታምን፣ ከጥቂት ነጥብ እንዴት መስመር እንደምታወጣ፣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆንክ በቁጥር እንዴት እንደምትናገር። ጋውስ ከመሰል ልኬቶች ጋር ሲታገል ያሰላሰለው የስሌት ዘዴ ዛሬ ካርታ ሠሪውም፣ የዝናብ ትንበያ ባለሙያውም፣ የባንክ ዳታ ተንታኙም በየቀኑ የሚጠቀምበት ነው። ሚሊዮን ኮደር እናፈራለን እየተባለ ሰርተፊኬት በሚታደልበት በዚህ ጊዜ፣ ልጆቹ ኮዱን ምን ላይ ይሞክሩት? አሥራ አምስተኛ የሆቴል ቡኪንግ አፕ ላይ? ሰማዩ በነፃ ተከፍቷል፤ ዳታው ንጹሕ ነው፤ መልሱ ልክ መሆኑን የሚፈርደው ድንጋዩ ራሱ ነው። አለቃ አያስፈልገውም፣ ትውውቅም አያስፈልገውም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ያ ፖስት ሲደርሳችሁ፣ ልብ ከመጫናችሁ በፊት 2.38ን አስሉ። ለላከላችሁም ስሌቱን መልሳችሁ ላኩለት። መምህር ከሆናችሁ ኬፕለርን ስታስተምሩ የፈጠራ ቁጥር ተዉና 1432ን ስጧቸው፤ ስሟን ሲሰሙ ይነቃሉ፣ ስሙም ቢያንስ ለዚህ ይጥቀመን። ተማሪ ከሆናችሁ አምስት ሆናችሁ ለፍለጋ ዘመቻ ተመዝገቡ። የኮምፒውተር ክፍል ቁልፍ ኪሳችሁ ውስጥ ያለ ኃላፊዎች ደግሞ፣ ለቀጣዩ ባነር የያዛችሁት ገንዘብ ካለ የኢንተርኔት ካርድ ግዙበት። ክፍሉንም ክፈቱት፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ይበቃል።